ያልቀየርኩት ዘይት

ጥቅምት ፲፪፣ ፶፮ ዓ.ም.፣ ጧት ፫ ሰ.
መኪናዋን በወረታ ከተማ አንድ ዙር ነድቼ መለስኳት። ዘይት ሲሞቅ ነው ደህና የሚወርድ። ከሥሯ ገባሁ። ከኋላ ጎማዎቿ መሃል ያለው ዲፈረንሻል (ጎማዎቹን የሚያዞረው የጥርስ ቤት) ዘይት ማውረጃው የታች ብሎኑ ዝጎ እምቢ አለ። ክረምቱን ሙሉ የፎገራን ውኃ ስታቋርጥ ከርማ እንዴት አይዝግ!

ድምፅ የላትም፣ ደህና ናት። ግን ጌታዬ ግራዝማች ደምሌ፣ ባለመኪናው፣ ውኃው ከጎደለ ወዲህ ሳይበላሽ ዘይቱን ቀይረው ሲሉኝ ሰነበቱ። ውኃ ገብቶ ከሆነ ጥርሱን ይበላዋል። እውነታቸውን ነው።

የኔታ መጡ። ፊደል ያስቆጠሩኝ። ከማኅሌት ሲመለሱ እግሬን ከመኪናዋ ሥር አዩት። በሚካኤል ሥራ ትሠራለህ ወይ ብለው አሳፈሩኝ። ወጣሁ። አፈሬን ሳላራግፍ ግ/ች ደረሱና ዘይቱስ? አሉ። የኔታ ቆመው ይሰማሉ።

«ትናንት ቀይሬዋለሁ» አልኩ።

ምን አስዋሸኝ? ነገ ነው ብል ማን ይገድለኝ ነበር!

ጥቅ. ፲፫
ደብተሬ፣ ተያዝኩልህ። የግ/ች ልጅ ዘነብ ወሯ ገብቷል፤ መኪናዋ ከግቢ እንዳትወጣ ተባለ። ግ/ች ደግሞ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ናቸው። ቀይሬዋለሁ ያልኩትን በፊታቸው እንዴት ልቀይር? አዲሱን የዘይት ጣሳ አልጋዬ ሥር ወሸቅሁት።

ጥቅ. ፲፬፣ ፬ ሰ.
አዋላጇ ዘነብን ዳስሳ ፅንሱ ተጋድሟል አለች። ነገ ጧት ጎንደር ሐኪም ቤት። ነጂው እኔ።

ከአዲስ ዘመን ከተማ ወዲያ ያ ዳገት አለ። እዚያ ላይ ጥርሱ ቢሰበርስ? በቃሬዛ ማን ያደርሳታል?

፱ ሰ.
ግ/ች እንግዳ ሊሸኙ ወጡ። ሮጬ ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። የላይኛውን ብሎን ፈትቼ ጣቴን ሰደድኩ። ዘይቱ እርጎ መስሎ ወጣ። ውኃ ገብቶበታል! የታቹን ሳልነካ በሩ ተንኳኳ፤ ተመለሱ። ብሎኑን መልሼ ወጣሁ።

ዝም ብልስ? ስንቱ በዚህ ዓይነት ይነዳ የለ? ምናልባት ደርሶ ይመለሳል።

ምናልባት! ዘነብን ከልጅነቷ ጀምሮ ነው የማውቃት። ወይኔ ሰውዬው።

እነግራቸዋለሁ። አሁኑኑ፣ ልቤ ሳይመለስ።

ጥቅ. ፲፭፣ ጧት ፲፪ ሰ.
ትናንትናውኑ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ይኸ ነው የባሰብኝ። እንዲህ አሉ፦

«ዘነብ በሰላም ስትመለስ ቤቴን ትለቃለህ። አሁን ግን ቀይረው። ቆሜ አይሃለሁ።»

የዛገውን የታች ብሎን በመዶሻ እየመታሁ ፈታሁት፤ አሮጌው ዘይት ነጭ ሆኖ ወረደ። እሳቸውም አዩት። አዲሱን ሞላሁ፣ ብሎኑን ሁለቴ አጠበቅሁ።

ስምንት ዓመት የበላሁበት ቤት ነው። ይገባኛል፣ ምን እላለሁ።

ዘነብ ምንም አልሰማችም። አሁን በመስኮት ጠርታኝ ነበር። አንተ ከነዳኸኝ አልፈራም አለችኝ። ጎማውን የማይ መስዬ ዞርኩ።

ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ነው የምወጣው። ቀስ ብዬ። ዘነብን ደግፈው እያወጧት ነው፣ ልነሣ፣ ግ/ች እየጠሩኝ ነው።