ልብስ ሰፊው ያልደረሱበት ፈቃድ

ለተከበራችሁ የዶክትሬት ጥናቶች የሥነ ምግባር ኮሚቴ አባላት፦

እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናችሁ እንዲበዛ፣ በተለይም ዐይናችሁ እንዲበረታ ከልብ እመኛለሁ፤ ማመልከቻዬን ማንበብ ከጀመራችሁ አሥራ አራት ወር አልፎ አሁንም አልጨረሳችሁምና።

እኔ በስድሳ ስምንት ዓመቴ በማኅበራዊ ሥራ ሙያ የዶክትሬት ጥናት የጀመርኩ ተማሪያችሁ ነኝ። ርእሴ ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን ብቻቸውን እንዴት እንደሚኖሩ ነው። በማኅበራዊ ሠራተኛነት ዘመኔ ቤታቸው ስመላለስ የኖርኩትን ዘጠኝ ሰዎች ለመጠየቅ ፈቃዳችሁን ለመንኩ። ለዋላችሁልኝም ውለታ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ተሳታፊዎቹ ስለሚያውቁኝ እውነቱን አይነግሩኝም ብላችሁ፣ የማያውቁኝን እንድፈልግ መከራችሁኝ። ምክራችሁን ሰምቼ የማላውቀውን ደጅ ባንኳኳ፣ አንዲት ባልቴት በሩን ሳይከፍቱ የመብራት ቆጣሪው ውጭ መሆኑን ነግረው አሰናበቱኝ።

፪. ጥያቄዬ ሆድ ቢያስብሳቸው የሚያጽናናቸው ባለሙያ በቅጹ ላይ እንዲጠቀስ አዘዛችሁ። ጡረታ ወጥቼም ምትክ ስላልተገኘ በአካባቢው ያለሁት ባለሙያ እኔ ብቻ መሆኔን ባስረዳ፣ ሰዎቹን ከእኔ ወደ እኔ የምልክበት ደብዳቤ ጽፌ፣ መቀበሌንም ፈርሜ እንዳቀርብ ታዘዝኩ። አቅርቤአለሁ፤ ላኪዋና ተቀባይዋ ያለ ጭቅጭቅ ተግባብተናል።

፫. የፈቃደኝነት ቅጹ አሥራ አንድ ገጽ እንዲሆን አደረጋችሁ። ከዘጠኙ አንዱ፣ ልብስ ሰፊው አዛውንት፣ እስከ አራተኛው ገጽ በትዕግሥት ካዳመጡኝ በኋላ፣ ቤታቸውን በስሜ ላዞር እንደሆነ በትሕትና ጠየቁኝ። እንዳልሆነ ሲረዱ ግን የሚነግሩኝ ብዙ ስላላቸው ቶሎ እንድመለስ አደራ አሉኝ። እናንተ ቅጹን ለእርማት መለሳችሁት፤ እርሳቸው በዚያው ሳምንት አረፉ። ሌላዋ ተሳታፊዬ፣ ጡረተኛዋ ነርስም፣ ተከተሏቸው። ጥበቃችሁ ፍሬ አፍርቷል፤ ከእንግዲህ እነዚህን ሁለት ሰዎች ማንም ጠያቂ አይጎዳቸውም።

፬. ተሳታፊዎቼ ሰባት መቅረታቸውን ባስታውቅ፣ ሁለቱ ጥናቱን ያቋረጡበትን ምክንያት ራሳቸው በጽሑፍ እንዲያስረዱ ጠየቃችሁ። ይህን ማሟላት ስላልቻልኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከቀሩት ሰባት ውስጥ ልጅ የሚባሉት ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ፈቃዳችሁ ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ይድረስ ዘንድ እማጸናለሁ።

እጅ ነሥቼ፣ ለቀጣዩ እርማታችሁም አስቀድሜ አመስግኜ፣

ቅጽ መሙላት የማይሰለቻት ተማሪያችሁ

ማሳሰቢያ፦ ሰኞ ጠዋት ያለ ደብተርና ያለ መቅረጫ፣ ከሰባቱ አንዷን፣ የቀድሞዋን የስልክ ቤት ሠራተኛ፣ ላጫውታቸው እሄዳለሁ። ከእኔ ሊጠብቃቸው የሚሻ የኮሚቴ አባል ካለ ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው መደገፊያ ስለሌለው ግድግዳውን ይዞ ይውጣ። እርሳቸው በዚሁ ደረጃ ምክንያት ከቤት ሳይወጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ይህን ያወቅሁት ያለ ፈቃድ ነው።