ለበረኛ የተላኩ ሽማግሌዎች

ቅዳሜ

አገኘኋት። እግዜር ይመስገን፣ አገኘኋት፤ ያውም አይሱዙ ላይ።

ሉማሜ የወረድኩት ለኮሌጃችን የወንዶች ቡድን አንድ ተከላካይ ለማየት ነበር። ልጁ ለሌላ ኮሌጅ ቃል ገብቷል። ተናድጄ ሚኒባስ ውስጥ ቁጭ ብዬ፣ እስኪሞላ ስጠብቅ፣ ከመንገዱ ማዶ ጥቅል ጎመን ይጫናል። ሁለት ጎረምሶች ከታች ይወረውራሉ፤ አንዲት ረጅም ልጅ መኪናው ላይ ቆማ ትቀልባለች። ጎረምሶቹ ሊያሾፉባት ብለው ጎመኑን አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ ከራሷ በላይ ይልኩባታል። አንድም አልወደቀባትም። ያውም ከሴትዮ ጋር እያወራች!

ወርጄ ሮጥኩ። ስም፦ ትብለጥ። አባት፦ አቶ ያለው፣ ከሉማሜ ወጣ ብሎ ገበሬ። ትምህርት፦ አሥራ ሁለትን ጨርሳ ሁለት ዓመት ቤት ተቀምጣለች። “ለምንድነው የምትጠይቂኝ?” ስትል ሾፌራችን ጥሩምባውን ለቀቀው። ስልክ ቁጥሬን ሰጥቻት ተመልሼ ሮጥኩ። ስለ ኳስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ረዳት አሰልጣኝና መልማይ ተብዬ ደግሞ ደሞዝ እበላለሁ።

ለዋናው አሰልጣኝ ስነግረው “ጎመን የቀለበች ሁሉ በረኛ ናት እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ይሳቅ። በረኛችን አግብታ ከሄደች ወዲህ አጥቂያችንን በር ላይ አቁመን የወረደብንን ውርጅብኝ እሱም ያውቀዋል። ዲኑ ቁርጡን ነግሮናል፤ በረኛ ካልተገኘ የሴቶቹ ቡድን ዘንድሮ አይኖርም። የአዲስ ተማሪዎች ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። ቡድኑ ከፈረሰ እኔም ግምጃ ቤት ገብቼ ማሊያ ስቆጥር ልኖር ነው።

እሁድ

ብቻዬን ልሄድ ስነሳ የኮሌጃችን ጥበቃ ጋሽ በላቸው በር ላይ ያዙኝ። “ብቻሽን ሄደሽ ልጅ ስጡኝ ልትይ? ዓምና ውሻ የለቀቁብሽ በዚሁ አይደል? ሽማግሌ ላኪ እንጂ!” እውነታቸውን ነው። እሳቸው የዚያው አገር ሰው ናቸው። አከራዬን መሪጌታን ለምነን ሦስታችን ሄድን። መሪጌታ ዲማ ቅኔ የተማሩ ናቸው፤ ሲናገሩ ጆሮ አይጠግብም።

ላኪ አብሮ አይገባም ብለው እኔን ሉማሜ ሻይ ቤት ጥለውኝ ሄዱ። ሆዴ ሻይ ብቻ እስኪሆን ጠበቅኩ። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል።

“በወጉ ቆመን ተናገርን” አሉ ጋሽ በላቸው። “ተቀመጡ ቢሉን፣ እሺታችሁን ሳንሰማ አንቀመጥም አልን። ጠላውን እንኳ የጠጣነው ቆመን ነው። ጉልበቴ አልቋል።”

“ኳስ ስትሏቸው ምን አሉ?”

መሪጌታ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ። “እሱን እንኳ ገና አላነሳነውም። ልጅዎን ለልጃችን ብለን ጀመርን። በመጀመሪያ ቀን ሁሉ ነገር አይዘረገፍም።”

“ለየትኛው ልጃችን?”

“ላንቺ ነዋ!”

አባትየው ግን እንዴት አድርገው ይህን ይገምቱ? ሽማግሌ ቆሞ “ልጅዎን ለልጃችን” ሲል ከጋብቻ ሌላ ምን ሊያስቡ ነው? ከዘመድ ተመካክረው ለሚቀጥለው እሁድ ቀጥረዋል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። የምስቀውና የማለቅሰው ተምታታብኝ።

ሰኞ

ትብለጥ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

“እህቴ፣ ቅዳሜ ስለ ትምህርቴ የጠየቅሽኝ ለወንድምሽ ኖሯል?”

ወንድም የለኝም አልኳት።

“ታዲያ ለማን ነው ያጫችሁኝ? እናቴ ልጁ ሥራ አለው ወይ እያለች ነው።”

ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፤ አሳሳቋ ደስ ይላል። ሳቋ ሲያልቅ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። “ትምህርቱ እውነት ነው? ኳሱን ብቻ ነው ወይስ ትምህርትም አለው?” አለው አልኳት፤ ልብስ ስፌት፣ ኤሌክትሪክ፣ ቅየሳ። “ቅየሳ” ብላ ደገመችው። ከዚያ ቀስ ብላ “ግን እኮ እኔ ኳስ ነክቼ አላውቅም” አለችኝ። እሱን ለኔ ተይው አልኳት።

የሚያስጨንቀኝ፦
አባቷ። አታለሉኝ ቢሉ እውነት አላቸው።
ጎረቤት። ሽማግሌ መምጣቱን ያልሰማ የለም።
ኳስ ነክታ አታውቅም!
ዓርብ።

ማክሰኞ

ብቻዬን ሄድኩ። ውሻ ቢለቁብኝም ይገባኛል ብዬ ነው የሄድኩት።

አቶ ያለው ስንዴ እየከመሩ ደረስኩ። እሳቸው ነዶውን ከታች ይወረውራሉ፣ ትብለጥ ክምሩ ላይ ሆና ትቀበላለች። ቆሜ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። አቶ ያለው እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

“ስለዚህ ሙሽራ የሚባል የለም።”

“የለም አባቴ።”

“አገሩ ሁሉ ‘ያለው ልጁን ሊድር ነው’ ብሏል። አሁን ሽማግሌው የመጣው ለኳስ ነበር ልበል?”

አጥፍተናል፣ ይቅር ይበሉን አልኩ። ከልቤ አፈርኩ። መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ያዳኑኝ እናትየው ናቸው። ከቤት ጓሮ ሆነው ሲሰሙ ኖረው “ሁለት ዓመት ሙሉ የምታለቅሰው ለባል ነበር እንዴ?” አሉ። “ለትምህርት አይደለም ወይ?”

አቶ ያለው አንድ ነዶ አንስተው ወረወሩ፤ ትብለጥ ቀለበችው። “ከትንሽነቷ ጀምሮ የወረወርኩላት መሬት ነክቶ አያውቅም” አሉ። ለኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም።

ከዚያ ፈረዱ። ቀጠሮ ቀጠሮ ነው፤ መልሳቸው እሁድ ነው። እስከዚያ ትመዝገብ። እሁድ እሺ ካላሉ ግን ይዘዋት ይመለሳሉ፤ ዋሷ እኔ ነኝ። እሁድ የወዳጅነት ጨዋታ እንዳለን ነግሬያቸው ነበርና “እዚያው ኳሱ ሜዳ እመጣለሁ። ሽማግሌዎችሽም ይምጡ። የመጡበትን ጉዳይ ሳይሸፋፍኑ ይንገሩኝ፤ ያውም ቆመው” አሉኝ።

ሐሙስ

መሪጌታ በረንዳ ላይ ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። “በረኛ” የሚለውን ቃል አልወደዱትም፤ በር ጠባቂ መሰለብኝ ይላሉ። ጋሽ በላቸው “በር ጠባቂ ቢሆንስ ምን ነውር አለው?” ብለው ተቆጡ። ሥራቸው ነዋ። ቀኑን ሙሉ ተኳረፉ።

ዓርብ

ተመዘገበች!

የመመዝገቢያው መስኮት ሊዘጋ ሲል ነው አባትና ልጅ ከባጃጅ የወረዱት። ሚኒባስ አጥተው ነበር። አቶ ያለው የልጃቸውን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬት በፌስታል ጠቅልለው ከጋቢያቸው ውስጥ አወጡት። ይህን ሁሉ ጊዜ ማን ጠብቆ አስቀመጠው? አልጠየቅኩም። ቅየሳ መረጠች። እኔ ጋ ታድራለች። አባቷ ሲሄዱ ዞር ብለው አላዩዋትም፣ እሷም ከዓይኗ እስኪጠፉ መንገዱ ላይ ቆማ ቀረች።

ቅዳሜ

ፈተና። ዋናው አሰልጣኝ ራሱ መታላት። ከፍ ያለውን ሁሉ ቀለበችው፤ በግራም በቀኝም። ፊቱ ተለወጠ፤ እኔ ደግሞ ደስታዬን መደበቅ አልችልበትም።

ቀጥሎ አንዱን በመሬት ሰደደው። በእግሮቿ መካከል አለፈ። ሌላው፣ አለፈ። ሌላውም። ጎመንም ነዶም በመሬት ተንከባሎ መጥቶባት አያውቅማ! እንዴት አላሰብኩትም? ጎንበስ ማለት ያሳፍራታል፣ መውደቅማ ጭራሽ።

ከሰዓቱን ሙሉ ኳስ አንከባለልኩላት። “ውደቂበት! ልብስ ይታጠባል!” ስል ዋልኩ። ወደ ማምሻው ጉልበቷ ተልጦ “አሁን ገባኝ” አለች። ምን እንደገባት እንጃ። ጎንበስ ቀና ስል ስለዋልኩ አሁን ወገቤን ይዤ ነው የምጽፈው።

እሁድ

አቶ ያለው ጋቢያቸውን ለብሰው ከሜዳው ዳር ተቀመጡ። ጋሽ በላቸውና መሪጌታ ፊታቸው ቆሙ። መሪጌታ ምንም ሳያሳምሩ ተናገሩ፦ “ልጅዎ ትብለጥ በኮሌጃችን እንድትማር፣ ለሴቶቹ ቡድንም በረኛ እንድትሆን ልንለምን መጥተናል። ባለፈው ሳንናገር የቀረነው ይህንን ነው። ይቅር ይበሉን።”

“ሰማሁ” አሉ አቶ ያለው። ተቀመጡ ግን አላሉም።

ሽማግሌዎቹ ጨዋታውን በሙሉ ቆመው አዩ። እኔም መስመሩ ላይ ቆምኩ።

ገና እንደተጀመረ አንድ ኳስ በመሬት መጣ። በእግሯ መካከል አልፎ ጎል ሆነ። የተቃራኒው ደጋፊ ሳቀ። አቶ ያለውን ዘወር ብዬ አየሁ፤ መሬት መሬት ያያሉ። አበቃልኝ አልኩ፤ ለራሴ ሳይሆን ለሷ አዘንኩ።

አጥቂያችን ግን ከበር ነፃ ወጥታ ቦታዋ ተመልሳለች። ከዕረፍት በኋላ ጎል አገባች። አንድ ለአንድ። መጨረሻው ላይ የነሱ ልጅ ብቻዋን ገባችና በመሬት፣ ጥግ ለጥግ ሰደደችው። ትብለጥ ወደቀች። በሙሉ ቁመቷ፣ ጭቃው ላይ፣ ፊቷ እየተፈተገ ወደቀችበት። ሲያነሷት ኳሱ ደረቷ ላይ ነበር።

“እሰይ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማን እንዳለው ለማየት ስዞር አቶ ያለው ብድግ ብለው ቆመዋል።

ጨዋታው ሲያልቅ እንደተጨቀየች መጣች። አባቷ በጋቢያቸው ጫፍ ግንባሯን ጠረጉላት።

“ትፈልጊዋለሽ?”

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

አቶ ያለው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ።

“በሉ እንግዲህ፣ ተቀመጡ” አሉ።

ጋሽ በላቸው ጉልበታቸውን ይዘው ከሁሉም ቀድመው ቁጭ አሉ። መሪጌታ ተከተሉ። እኔም ሣሩ ላይ ከጎናቸው ተቀመጥኩ።