እትዬ ምን አየሽ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «እትዬ ምን አየሽ» እያሉ የሚጠሯቸው ሟች እናታችን ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው የዛሬ ስድሳ አራት ዓመት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች አራተኛዋ ነበሩ። ቤታቸው ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ ስለነበር፣ ድምፃቸው ጎላ የሚለው በመጋዝ ጩኸት ላይ መናገር ስለለመዱ እንደሆነ ይናገሩ ነበር።

እስከ አሥረኛ ክፍል ተምረው፣ በሃያ አንድ ዓመታቸው የስድስት ወር የረዳት ነርስነት ሥልጠና ወስደው በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠሩ። በሃያ አራት ዓመታቸው ለመጦሪያው ዳቦ ያመላልሱ የነበሩትን ሾፌር አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለዱ።

በተቀጠሩ በአምስተኛው ዓመት የሆነውን ራሳቸው ለማንም ስላልደበቁት እዚህም አይታለፍም። አንደበታቸው የተያዘ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ በመጦሪያው ነበሩ። አንድ ማለዳ እናታችን ሲያገላብጧቸው ሽማግሌው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ብርድ ልብሱንም ጨምድደው ያዙ። እናታችን ግን ፈረቃ ለማስረከብ ቸኩለው፣ እንደ ወትሮው መዝገቡ ላይ «ደህና ናቸው» ብለው ጽፈው ወጡ። ተረካቢዋም ያንኑ አንብባ ያንኑ ጻፈች። በሦስተኛው ቀን ሐኪም ሲመጣ የሽማግሌው ዳሌ ተሰብሮ ተገኘ፤ በሳምንቱ ሞቱ። እናታችንን የወቀሳቸው አልነበረም። እሳቸው ግን የልብስ ሰፊው ሴት ልጅ ቤት ድረስ ሄደው፣ «አባትሽን ሲያማቸው አይቻለሁ፤ አልጻፍኩትም» አሏት። በሩን ዘጋችባቸው። ይቅርታ ሳያገኙ ተመለሱ።

ከዚያ ወዲያ ለሰላሳ ዓመት ጀማሪዎችን ሲያሠለጥኑ «ደህና» የምትባለውን ቃል ከመዝገብ አባረሯት። በሩን አንኳኪ፣ ስምሽን ተናገሪ፣ ወንበር ስበሽ ፊት ለፊት ተቀመጪ፣ ጠይቀሽ መልሱ እስኪመጣ ጠብቂ፤ ስትወጪም ያየሽውን እንጂ የመሰለሽን አትጻፊ ይሉ ነበር። «ተረበሹ» ብላ የጻፈችውን ጀማሪ፣ «ምን አየሽ? እጃቸው ምን አደረገ? ስንት ሰዓት ላይ?» እያሉ ያፋጥጧታል፤ ቅጽል ስማቸውም የወጣው ከዚሁ ነው። አንዷ የአንድን አዛውንት የውስጥ ልብስ በሰው ፊት «ዳይፐር» ብላ ብትጠራ፣ «እኝህ ሰው አንቺ የወለድሻቸው አይደሉም፤ እናትሽን የሚወልዱ ናቸው!» ብለው ኩም አደረጓት። ንግግራቸው እንደ ሬት መርሯት ሥራውን ጥላ የሄደችም አለች። ቤት ውስጥም «ደህና ነኝ» ማለት አያዋጣም ነበር። ባለቤታቸው፣ «እኔ ሚስት አገባሁ ስል ለካ ፈረቃ ተረክቤያለሁ» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት የአጥንት ካንሰር ተገኘባቸው። በመጨረሻ የተኙት እዚያው ባገለገሉበት መጦሪያ ነው። አንደበታቸው ሳይያዝ ታላቅ ልጃቸውን ጠርተው፣ «መናገር ሲያቅተኝ አንቺ ተናገሪልኝ። ያየሽውን ብቻ» ብለው አደራ ሰጧት።

ይህን የጻፈችው ያቺው ልጅ ናት። ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ተረኛዋ ገብታ «እንዴት አደሩ?» ስትላት፣ የእናቷ ቀኝ እጅ የአልጋውን ብረት ጨብጦ፣ ጣቶቹ ነጥተው እያየች ነበር። አፏ ግን «ደህና ናቸው፤ አሁን ገና ተኙ» አለ። ማየቱ ከአቅሟ በላይ ስለሆነባት ነው፤ ይህም ማመካኛ አይሆናትም። ተረኛዋ ጀማሪ ስለነበረች፣ ከልጅ በላይ ማን ያውቃል ብላ ወጣች። ስድስት ሰዓት ላይ ሟች ያሠለጠኗት ረዳት ነርስ በሩን አንኳኳች፤ ስሟን ተናገረች፤ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እጃቸውን አየች። የሕመም ማስታገሻው ወዲያው ተሰጣቸው። እጃቸው ብረቱን የለቀቀው ስድስት ተኩል ላይ ነው፤ ሰባት ከሩብ ላይ አረፉ።

በዚህ ጽሑፍ ረቂቅ ላይ «በሰላም አረፉ» የሚል ነበር፤ ልጃቸው ሰርዛዋለች። ከአራት ሰዓት በላይ ተሠቃይተዋል። ከዚያ በኋላ አርባ አምስት ደቂቃ ፊታቸው ተፈትቶ ነበር። የታየው ይህ ነው።

ሟች ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። መናገር ያልቻለውን ሁሉ የሚያይ አምላክ ልብስ ሰፊውንና እሳቸውን በአንድ ማረፊያ ያሳርፍ። ነፍሳቸውን ይማር፤ አይታ ያልተናገረችውን ልጃቸውንም ይማራት።