ጥጥ የትኛዋ፣ ባዘቶ የትኛዋ

ሰኞ፣ ጥቅምት ፲

ዛሬም «አዎ» አልሁ። እትዬ ሙሉ ሻንጣቸውን በሩ ላይ አስቀምጠው፣ «ሞላ፣ ጥጥንና ባዘቶን ለይተህ ታውቃቸዋለህ አይደል? መድኃኒቱ የባዘቶ ብቻ ነው» ሲሉኝ፣ «አዎ፣ እትዬ፤ አውቃለሁ» ብዬ መለስሁላቸው። አላውቅም። በዚህ ቤት ጥበቃና አትክልተኛ ሆኜ ከተቀጠርሁ ጀምሮ አውቄ አላውቅም። የተቀጠርሁ ዕለት ልዩነታቸውን በዝርዝር አስረድተውኝ ነበር። እኔ ግን ሥራው እንዳያመልጠኝ ከመፍራቴ የተነሣ ራሴን እየነቀነቅሁ አንዲት ቃል አልሰማሁም። በማግሥቱ መጠየቅ ይገባኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል መጠየቅ የሚያሳፍርበት ጊዜ ደረሰ።

ሁለቱም ጥንቸሎች ነጭ ናቸው። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። የሁለቱም ዓይን ቀይ ነው። እትዬ ሙሉ ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንደ ልጅ የሚያሳድጓቸው እነርሱን ነው። አሁን እርሳቸው ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደባቸው ለቀዶ ሕክምና ወደ ባሕር ዳር ሄዱ፤ አደራው በእኔ ላይ ወደቀ።

ባዘቶን ጥርሷን ያማታል። የእንስሳት ሐኪሙ የሰጠው መድኃኒት ጧትና ማታ በጎመን ቅጠል ላይ ጠብ ተደርጎ ይሰጣታል። ማታ ቅጠሉን ይዤ ወደ ሽቦ ቤታቸው ጎንበስ አልሁ። አንደኛዋ እየዘለለች መጥታ ከእጄ ነጥቃ በላች። ሌላይቱ ከጥጓ አልተነሣችም። መድኃኒቱን ፈልጋ የመጣችው ባዘቶ መሆን አለባት ብዬ ወሰንሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩

ጧት ሁለቱም ተቃቅፈው ተኝተው አገኘኋቸው። ትናንት የበላችው የትኛዋ ናት? ዙሪያቸውን ዞርሁ። ከዚህ በኋላ እንዳልሳሳት ምልክት ያስፈልጋል አልሁ።

ከሰል ልቀባት? ትልሰዋለች። ቀለም? እትዬ ሙሉ ምን ይሉኛል? ክር? ክር አለኝ፤ ለራሴ ማተብ ገዝቼው የተረፈ ጥቁር ክር።

ጭንቁ መንካቱ ነው። በአገሬ በላስታ ጥንቸል ርኩስ ናት። እናቴ ጥንቸል ያቋረጠችውን መንገድ እንኳ ሳታማትብ አትሻገረውም። እኔም እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በባዶ እጄ ነክቻቸው አላውቅም። ቤታቸውን የማጸዳው በአካፋ ነው፤ ይህን እትዬ ሙሉ አያውቁም። ስለዚህ በሁለቱም እጆቼ ፌስታል አጠለቅሁ፤ ቅጠሉን አሳይቼ ፈጥና የመጣችውን ያዝሁ፤ ክሩን በአንገቷ ላይ አሰርሁ። ቋጠሮው በፌስታል አስቸገረኝ፤ ሆኖም አማረ። ደስ አለኝ።

«አንተ! ምን እየሠራህ ነው?» አለኝ ከአጥሩ ማዶ አንድ ድምፅ። ጎረቤታችን እትዬ አንጓች ናቸው።

እጆቼን ወደ ኋላ ደበቅሁ። ፌስታሉ ተንኮሻኮሸ። «ምንም፣ እትዬ።»

«ምንም? ማተብ እያሰርህላት!»

«ለምልክት ነው።»

«ለምልክት! ታዲያ ለእኛስ የታሰረልን ለምን ይመስልሃል?» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። «ስመ ክርስትናዋን ማን አልኻት?»

ማታ እትዬ ሙሉ ደወሉ። «ባዘቶ ትበላለች?»

«እንዴት አድርጋ!» አልሁ። መረቁኝ። ምርቃቱን «አሜን» ብዬ ተቀበልሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት ፲፪፣ ሚካኤል

ይህን ስጽፍ ጆሮዬ እስካሁን ይግላል።

ከቅዳሴ በኋላ ሴቶች ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እትዬ አንጓች በመካከላቸው ናቸው። ገና ሲያዩኝ፣ «የክርስትና አባት መጣ! ልጅህን ለማን ትተሃት መጣህ?» አሉ። አንዲት የማላውቃት ሴት፣ «ሴት ናት አሉ፤ ሰማንያ ቀኗን ጠብቀሃል ወይስ እንደ ወንድ በአርባ ነው ያስነሣኻት?» ብላ ጨመረች። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? እየሳቅሁ የራሴን ማተብ ወደ ሸሚዜ ውስጥ ከተትሁት። ማተቤን ስደብቅ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ጠበል ሳልጠጣ ወጣሁ። ለአገሩ እንግዳ የሆነ ሰው ስሙ እንዲህ ከሆነ ማን አለሁ ይለዋል?

ቤት ስደርስ የባሰው ጠበቀኝ። ክር የሌላት ጥንቸል አሁንም ከጥጉ ናት። ከፊቷ የትናንቱ ቅጠል እንደ ተቀመጠ ጠውልጓል። አገጯ በለሃጭ ርሷል። ክር ያላት ግን ሽቦውን እየነከሰች ምግብ ትጠይቀኛለች።

ቆሜ ቀረሁ። ጥርሱን የሚያመው ለምግብ ይሮጣል እንዴ? አራተኛ ክፍል ድረስ ብቻ መማሬን ሰበብ አላደርገውም፤ ይህን ለማወቅ አንደኛ ክፍልም አያስፈልግም። መድኃኒቱን የበላችው ጤነኛዋ ጥጥ ናት። ክሩም የታሰረው በእርሷ አንገት ላይ ነው። ባዘቶ እየተራበች፣ እኔ «እንዴት አድርጋ!» እላለሁ።

ለታመመችው በመድኃኒት የራሰ አዲስ ቅጠል በእንጨት ገፋ አድርጌ አስጠጋሁላት። ፊቷን አዞረች።

ስልኩን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥሁ። ነገ ዓይናቸው ይከፈታል። በቀዶ ሕክምና ዋዜማ ሰው አይረበሽም አልሁ። ሰበቡ እውነት ነው፤ የዘገየሁት ግን በሰበቡ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፫

አልበላችም። ዛሬ አንገቷንም ዝቅ አድርጋለች።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሙሉ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው ደክሟል። «ተሳክቷል አሉኝ፤ ዓይኔ በፋሻ ታስሯል። ባዘቶ እንዴት ናት?»

«ደኅና» የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። «እትዬ» አልሁ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ተናገርሁ፤ አለማወቄን፣ አካፋውን፣ ፌስታሉን፣ ክሩን። የእትዬ አንጓችንም ሳቅ አልደበቅሁም።

 

«ይህን ሁሉ ጊዜ እጅህን አሳርፈህባቸው አታውቅም?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«እሺ። ስማኝ፤ አሁን ስማኝ» አሉ፤ ክፍል ውስጥ የቆሙ ይመስል ድምፃቸው ጠነከረ። «የግራ የኋላ እግሯን ዳስስ። ባዘቶ የዳር ጥፍር የላትም። ጠጉር ስለሸፈነው በዓይን አይገኝም። እኔስ አይቼ ለይቻቸው መቼ አውቃለሁ? በእጄ ነው የማውቃቸው። በል ዝጋና ሂድ። አቅፈህ አብላት።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እጄን ታጠብሁ። ለምን እንደታጠብሁ አላውቅም፤ ሰው የሚታጠበው ከነካ በኋላ ነው። ከዚያም ገብቼ ከጥጉ አነሣኋት። እንዲህ ቀላል ትሆናለች ብዬ አልገመትሁም። ልቧ በመዳፌ ውስጥ ይመታል። የግራውን እግር ዳሰስሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጥፍር፤ በዳሩ በኩል ግን ለስላሳ ሥጋ ብቻ። ባዘቶ።

ጎመኑን በጣቶቼ አድቅቄ፣ መድኃኒቱን ለውሼ፣ በከንፈሯ ዳር አስገባሁላት። ብዙውን ተፋችው። ጥቂቱን ዋጠች።

ቀና ስል እትዬ አንጓች ከአጥሩ ማዶ ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላውቅም።

«ያለ ፌስታል?» አሉ። አልሳቁም።

ዓርብ፣ ጥቅምት ፲፬

ጧት እትዬ አንጓች በአጥሩ ላይ ሳህን አቀበሉኝ። «የተቀቀለ ዱባ ነው። ጥርስ ላመመው እሱ ነው የሚሻለው፤ የባሌን አውቀዋለሁ። ለክርስትና ልጅህ ስጣት።» ስሙ እንግዲህ አይለቀኝም። ዱባውን ግን ባዘቶ በላችው፤ ሁሉንም አይደለም፣ ግማሹን።

ክሩን ከጥጥ አንገት ላይ ፈታሁት። ልጥለው እጄ አልታዘዝ አለኝ። መልሼ ለራሴም ላስረው አልችልም። ኪሴ ውስጥ ነው። ቄሱን እንዳልጠይቅ፣ ነገሩን ከመጀመሪያው መተረክ ሊኖርብኝ ነው።

እሁድ፣ ጥቅምት ፲፮

እትዬ ሙሉ ገቡ። ፋሻው ተነሥቷል። ስለ ውሸቴ ዛሬ ይናገሩኛል ብዬ ሻንጣቸውን ተቀብዬ አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። እርሳቸው ግን እኔን አልፈው በቀጥታ ወደ ሽቦው ቤት ሄዱ። ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ወይ ጉድ! እንዲህ ነጭ ናቸው እንዴ?» አሉ። ከአንዷ ወደ ሌላይቱ ደጋግመው አዩ። ግራ ተጋብተው ወደ እኔ ዞሩ። «ሞላ፣ የትኛዋ ናት ባዘቶ?»

ሊፈትኑኝ መሰለኝ። ፊታቸውን ሳየው ግን የእውነት ጠፍቷቸው ነው።

ገብቼ አንደኛዋን አነሣሁ፤ እግሯን ዳስሼ መለስኋት። ሌላይቱን አነሣሁ፤ ሦስት ጥፍር ብቻ ናት። እትዬ ሙሉ ከሽቦው አጠገብ ሲቀመጡ በጉልበታቸው ላይ አኖርሁላቸው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ» አልሁ። ወዲያው ግን ፊቴ ጋለ፤ እጄን ሰድጄ ጥፍሮቿን እንደገና ቆጠርሁ።