«ሒክማ» የተሰኘው ዘፈን ከቆሻሻ መኪናው ላይ እንዲነሳ

ለቀይ አምባ ቀበሌ የጽዳት ክፍል ኃላፊ
ጎንደር

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2006 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ ዘፈኔ ከቆሻሻ መኪናው ላይ እንዲነሳልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

እኔ አመልካች ኡዘይር ዐብዱረሕማን፣ በመድረክ ስሜ ኡዚ፣ በቀበሌዎ የምኖር ራፐር ነኝ። ሥራዬ ሰው ማሳቅና ማስጨፈር ነው፤ ይህን ስጽፍ ግን የራሴ ሳቅ አልቋል።

1. «ሒክማ» ጫማ ለመምረጥ ግማሽ ቀን በሚፈጅባት ልጅ ላይ የምቀልድበት ዘፈን ነው። ልጅቱ እውነተኛ ናት፤ ላገባት የምፈልጋት የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ኢምራን ልጅ ናት። መኪናው መድረሱን ሕዝቡ እንዲያውቅ መሥሪያ ቤትዎ ይህን ዘፈን በድምፅ ማጉያ ላጫውት ብሎ ሲጠይቀኝ ደስ ብሎኝ ፈቀድኩ። በየደጁ ሊሰማልኝ ነው ብዬ ነበር።

2. በእርግጥም በየደጁ ተሰማ። አሁን የሰፈሩ ልጆች መኪናውን ራሱን «ሒክማ» ይሉታል። በመጣ ቁጥር «ሒክማ መጣች፣ ቆሻሻ አውጡ» ይባላል። ማራኪ ግቢ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስዘፍን፣ ገና መግቢያውን ስጀምር ከኋላ የተቀመጡት የቆሻሻ ቅርጫት ተሸክመው ወደ መድረክ መጡ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ ከዚያ ወዲህ ለሥራ የጠራኝ የለም። የእኔን እንኳ እችለው ነበር።

3. ባለፈው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ አጎቴንና ሁለት ጎረቤቶቻችንን ሽማግሌ አድርጌ ሐጂ ኢምራን ቤት ላክሁ። ገና ዱዓው ሳያልቅ መኪናው በበራቸው አለፈ። ልጆቹ ከውጭ «ሒክማ መጣች» ሲሉ፣ የቤቱ ሠራተኛ ከረጢቱን ይዛ በሽማግሌዎቹ መሐል አቋርጣ ወጣች። ሒክማ ጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማ ነበር። ሐጂ አልተቆጡም። «መጀመሪያ ልጄን ከማኪናው ላይ አውርዷት፤ ስለ መዳሩ ኋላ እንነጋገራለን» ብለው ለነገ ሳምንት ዓርብ ቀጠሯቸው።

ሾፌሩን አቶ እንኳየሁን ለምኛቸዋለሁ። «ምነው ወንድሜ፣ እኔም ሰልችቶኛል፤ ካለ ደብዳቤ ግን አልነካውም» አሉኝ። ቢሮዎ ስመላለስ እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት እባላለሁ። አንድ ሠራተኛዎ ደግሞ ዘፈኑ ከተቀየረ ሕዝቡ ቆሻሻ አያወጣም አሉኝ፤ ሲያመሰግኑኝ መሆኑ ነው። በጣም ተበሳጭቻለሁ ክቡር ኃላፊ። ሰው ዘፈኔን ስለወደደልኝ መግቢያ አጣሁ።

ስለዚህ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ዘፈኑ እንዲነሳ ለሾፌሩ ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። ሕዝቡ ያለ ዘፈን አይወጣም ለሚባለው፣ ምትኩን ሠርቼ በፍላሽ አያይዣለሁ። ምቱ ያው ነው፤ የሴት ስም ግን የለበትም። አዝማቹ «ኡዚ መጣ፣ ኡዚ መጣ» ይላል። ከእንግዲህ የቆሻሻ መኪናው በእኔ ስም ይጠራ፤ ተስማምቻለሁ።

ደብዳቤውን በመጠባበቅ፣ ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ኡዘይር ዐብዱረሕማን (ኡዚ)
ፊርማ ______

ግልባጭ፦
ለሐጂ ኢምራን
ባሉበት