የአባባ ቀይ መኪና እና የእኔ ነጭ

ደባርቅ፣ ማክሰኞ ኅዳር ፱

ከትናንት ጀምሮ ደረቴን ሲሉ የነበሩት አባባ ዛሬ ጠዋት ጠናባቸው። ጎንደር ሆስፒታል ልወስዳቸው ተነሣሁ። እማዬ የእኔን ነጭ ባለሰባት ወንበር መኪና ከፍታ ከኋላ ጋቢ አነጠፈችላቸው።

አባባ እምቢ አሉ። «ይኼ የመንደር ሰው ማጓጓዣ እንጂ መኪና አይደለም» ብለው ወደ ቀይዋ ጠቆሙኝ። በወጣትነታቸው ከአስመራ ገዝተው በሊማሊሞ ያወጧት፣ ጣሪያዋ የሚገለጥ ስፖርት መኪና ናት። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው።

«ታዲያ እኔስ?» አለች እማዬ።

«አንቺ ቤት ጠብቂ።»

ዕድሜዋን ሙሉ ያሏት ይህንኑ ነው። እኔም የታመመ ሰው አላስቀይምም ብዬ የቀይዋን ቁልፍ አነሣሁ። ደግሞ ትፈጥናለች ብዬ ራሴን አታለልሁ። ሞተሯ ሲያገሣ ፊታቸው ፈካ።

ዳባት ሳንደርስ ትንፋሽ አጠራቸው። ላስተኛቸው ብል ወንበሩ አይዘረጋም። እጄን እንደያዙ፣ እንደተቀመጡ አረፉ።

በእኛ አገር የሞተ ሰው ተገንዞ፣ ተጋድሞ ነው የሚሄደው። እኔ ግን መኪናዋ ቀበቶ ስለሌላት በኩታቸው ከወንበሩ ጋር አስሬ፣ ቁጭ እንዳሉ መለስኋቸው። ደባርቅ መግቢያ ላይ ቀይዋን ያየ ሁሉ እንደ ወትሮው ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣቸው።

እማዬ በር ላይ ቆማ ነበር። ገና ስታየን ገባት። ከመጮኋ በፊት ወደ ነጩ መኪና ዞር ብላ፣ «ሦስታችንንም ይይዘን ነበርኮ» አለች።

ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶታል። ጋቢው እዚያው እንደተነጠፈ ነው።