የግራው ጎማ ቀለም አልይዝ አለ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 3። ከጠዋቱ 12፡30

የፊት ጎማዎቹ ወልቀዋል። ካሊፐሮቹን (ፍሬን ሲረገጥ ዲስኩን የሚጨምቁትን) በሽቦ ብሩሽ ፈትጌ፣ በቤንዚን አጥቤ፣ ዲስኩን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኛለሁ። ፀሐይዋ ሳትበረታ መጨረስ አለብኝ። የሰመራ ፀሐይ ብረቱን ካጋለችው ቀለሙ ሳያርፍ ደርቆ አሸዋ ይሆናል።

መኪናዋ የሁመድ ናት (ሁ.)። የመ/ቤት ባልደረባዬ። ዑምራ ሲሄድ ቁልፉን ለእኔ ትቶ ሄደ። ካሊፐር ቀይ ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ሲመለስ ይደነቅ ብዬ ነው። ለሰው የምነግረው እንደዚህ ነው።

ቀለሙን ትናንት ሎጊያ ገዛሁ። ባለሱቁ ቀይ ሁሉ አንድ ነው እያለ ተራውን ሊያሸክመኝ ነበር። ፍሬን ይግላል፣ ተራው ይጨሳል፣ ይላጣል ብዬ ተከራከርኩ። ሙቀት የሚችለው ለማርሚታ (ለጭስ ማውጫው) የሚቀባው ብርማው ብቻ ነበረው። ሦስተኛ ሱቅ ሄጄ ቀዩን አገኘሁ። ለሰው መኪና እንዲህ ጠንቃቃ ነኝ!

እሑድ 4

ቀኙ አምሯል። ሦስት ጊዜ ስስ አድርጌ፣ በየመሃሉ እያደረቅኩ። ግራው ግን የፍሬኑ ቱቦ ካሊፐሩ ውስጥ በሚገባበት ቦታ አረፋ አወጣ። ብነካው ሙልጭ። ፋቅሁ፣ አጠብኩ፣ ደግሜ ቀባሁ። ምናልባት በደንብ አላጸዳሁትም ይሆናል።

ማክሰኞ 6

ደግሞ ተላጠ።

ደብተሬ፣ አንተን ማታለል ምን ይጠቅመኛል? ከመጀመሪያውም አውቄዋለሁ። የሚያፈስ የፍሬን ዘይት ነው። ሙቀት የቻለውንም ቀለም ይበላል።

ባለፈው ሳምንት አዋሽ ሄጄ ነበር። በሁ. መኪና። ከከተማ እንዳታወጣት ብሎኝ፣ እሺ ብዬው። የድሮ የሥራ ጓደኞቼ ዘንድ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ክርኔን አውጥቼ። የራስህ ናት ወይ አሉኝ። አዎ አልኩ! ስመለስ አዋሽ አርባን እንዳለፍኩ ግመሎች መንገድ ገቡብኝ። ከአስፋልቱ ስወጣ ድንጋይ ግራው ጎማ ሥር ጓ አለ። ወርጄ አላየሁም። ማየት አልፈለግኩም።

ዛሬ የዘይቱን ዕቃ ከፈትኩ። ጎድሏል። ሞላሁበት። ሎጊያ ጋራዥ ብወስዳት ወሬው ይደርሰዋል፤ መኪናዋን የማያውቅ የለም። ግራውን እንደገና ቀባሁ። ፈሪ።

ሐሙስ 8። ከሰዓት 10፡00

ሁ. ገባ። ተጠመጠመብኝ። ቀዩን ሲያይ እንደ ሕፃን ሳቀ፤ የመ/ቤቱን ሰው ጠርቶ በቸርኬው ክፍተት አሳየ። አለቃችን ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አዩ። ወንድም ማለት እንዲህ ነው ተባለልኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ቴምር አምጥቶልኛል። እዚያ ሆኜ በስምህ ዱዓ አድርጌልሃለሁ አለኝ። ቴምሩ ጠረጴዛዬ ላይ አለ። አልቀመስኩትም።

ነገ በማለዳ እናቱን ይዞ ጭፍራ ይሄዳል። እህቱ ወልዳለች። ለማንኛውም ፍሬኑን ጋራዥ አሳየው አልኩት። አንተ የነካኸውን ሌላ ሰው ምን ያይልኛል አለኝ። ሳቅኩ። እኔ፣ ሳቅኩ!

ዓርብ 9። ንጋት 11፡40

እነ ሁ. ግቢ በር ላይ ነኝ፣ ደብተሩ ጉልበቴ ላይ። መኪናዋ ቆማለች። ከግራው ጎማ ሥር አሸዋው ረጥቧል። ጣቴን በቸርኬው ሰደድኩ፤ ቀለሙ ተልጦ ጣቴ ላይ ቀረ።

የእናቱ ሻንጣ ወጥቷል። እሳቸው መኪናው ውስጥ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ በእጃቸው ሰላም አሉኝ። ለልጅ ልጃቸው የያዙት ብርድ ልብስ ጭናቸው ላይ ነው።

ሁሉንም እነግረዋለሁ። አዋሽን፣ ድንጋዩን፣ የራሴ ናት ያልኩትን። ሦስት ጊዜ የቀባሁትን። ዳግመኛ ወንድሜ ባይለኝም። እሺ ካላለኝ ጎማው ፊት እተኛለሁ እንጂ ይህች መኪና አትነሳም።

ሁ. ወጣ። ቁልፉን እያሽከረከረ፣ እየሳቀ። ሰላም ሊለኝ እጁን ዘረጋ። መጀመሪያ እነግረዋለሁ፣ ከዚያ እጄን ከፈለገ…